ድር የሚያብረው እንዴት ነው?

አንባቢ ሆይ፥ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን ምሳሌ ከልጅነትህ ጀምሮ ሳትሰማው አልቀረህም። አባቶች ይህን የተናገሩት የሰውን ኅብረት ለማመስገን ነው። እኔ ግን ስለ ድሩ ራሱ ላጫውትህ እወዳለሁ፤ ድር የሚያብረው በምን እንደሆነ ካልተጠየቀ ምሳሌው ለቤት ሠሪ ሙሉ ትምህርት አይሆነውምና።

በሐረሪ ክልል ከሚገኙት ወረዳዎች አንዱ በሆነው በሶፊ፥ ገበሬዎች ለቤታቸው ጭቃ ሲያቦኩ ብዙ ጊዜ ቆሜ ተመልክቻለሁ። አፈሩን በውሃ ያርሱታል፤ ጭድ ይነሰንሱበታል፤ ከዚያም በእግራቸው እየረገጡ ያዋሕዱታል። ጭቃ ብቻውን ሲደርቅ ተኮማትሮ ይሰነጠቃል፤ ጭድም ብቻውን ግድግዳ አይሆንም። ሁለቱ ሲዋሐዱ ግን ጭዱ ስንጥቁ እንዳይሰፋ ያግዳል፤ ጭቃው ደግሞ ጭዱን አቅፎ ይይዛል። እንዲህ ያለውን ነገር ሳይንስ ውሑድ ቁስ ይለዋል። ከ1957 እስከ 1991 እ.ኤ.አ. በምሥራቅ ጀርመን ምድር ይሠራ የነበረው ትራባንት የተባለው አውቶሞቢል እንኳ የውጭ አካሉ በአብዛኛው ከጥጥና ከሰው ሠራሽ ሙጫ የተዋሐደ ነበር።

ታዲያ አንድ የተክል ክር ለዚህ ሥራ መብቃቱ በምን ይታወቃል? በዓይን አይታወቅም፤ በፈተና እንጂ። ፈተናውም ሦስት ነው።

የመጀመሪያው የጥንካሬ ፈተና ነው። ከቃጫ ቅጠል ተፍቆ የደረቀ አንድ ነጠላ ክር ከላይ ታስሮ፥ ከታች ትንሽ ጣሳ ይንጠለጠልበትና እስኪበጠስ ድረስ አሸዋ ይጨመርበታል። ውፍረቱ 0.2 ሚሊ ሜትር የሆነ ክር በ12 ኒውተን ቢበጠስ፥ የቁርጡ ስፋት 0.0314 ካሬ ሚሊ ሜትር ስለሆነ፥ ጥንካሬው በካሬ ሚሊ ሜትር 382 ኒውተን ያህል ይሆናል። ነገር ግን በአንድ ክር አትርካ። ከአንድ ቅጠል የወጡ ክሮች እንኳ እኩል አይደሉም፤ ክርም የሚበጠሰው በደካማው ቦታ ነውና ረጅሙ ከአጭሩ ይልቅ ቶሎ የመበጠስ ዕድል አለው። ስለዚህ ርዝመታቸው እኩል የሆኑ ብዙ ክሮች መፈተን አለባቸው።

ሁለተኛው የውሃ ፈተና ነው። ክሩ ደርቆ ይመዘናል፤ ውሃ ውስጥ ቆይቶ እንደገና ይመዘናል። የተክል ክር ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይኮማተርና ካቀፈው ነገር ይላቀቃል።

ሦስተኛው የመያያዝ ፈተና ነው። የክሩ አንድ ጫፍ በጭቃ ወይም በሙጫ ውስጥ ተቀብሮ ከደረቀ በኋላ ይሳባል። ሳይበጠስ ሾልኮ ከወጣ፥ ያ ሁሉ ጥንካሬው በከንቱ ቀረ ማለት ነው። በቤተ ሙከራ ክሩ ላይ ያለውን ሰም ለማስወገድና መያያዙን ለማጠንከር በኮስቲክ ሶዳ ያጥቡታል፤ ይሁን እንጂ ውህዱ ከመጠን በላይ ከበረታ ክሩን ራሱን ይበላዋል።

እንግዲህ ወደ ምሳሌው እንመለስ። ብዙ ክሮች በአንድነት ሲሳቡ፥ አንዱ የተወጠረ ሌላው የላላ ከሆነ፥ የተወጠረው ቀድሞ ይበጠሳል፤ ሸክሙም በቀሩት ላይ ይወድቃል። ድር የሚያብረው ሸክሙን የሚያካፍለው አቃፊ ሲያገኝ ነው።

የሶፊ ገበሬ ጭቃው መዋሐዱን በእግሩ ያውቀዋል፤ ይህም ታላቅ ዕውቀት ነው። ሆኖም የእግር ዕውቀት ከባለቤቱ ጋር ይቀራል፤ የተለካ ዕውቀት ግን ያንን ጭቃ ረግጦ ለማያውቅ ለሩቅ ሰው ይተላለፋል። አፈሩ ወይም ክሩ ሲለወጥም ልማድ ብቻውን አይበቃም። በክረምት ሌሊት፥ ዝናብ ግድግዳውን ሲደበድብ፥ ከሥሩ ሕፃናት ተኝተዋል። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፥ «ጠንካራ ነው» የሚል ቃል በሰማህ ጊዜ፥ «ምን ያህል? እርጥብ ሲሆንስ? ከምን ጋር ተያይዞ?» ብለህ መጠየቅን ልማድህ አድርግ።