ባቡሩስ ቀረ፣ ቤቱስ?

ከአራቱ ቅኝቶቻችን ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ ስማቸው የወሎ ነው። አምባሰል ደግሞ የሐብሩ ወረዳ ጎረቤት ነው፤ ከመርሳ ተነስቶ ውርጌሳን ያለፈ መንገደኛ ውጫሌ ሲደርስ አምባሰል ገባ ማለት ነው። ይህን ሁሉ ዜማ ያፈለቀ አገር ማሲንቆውን ዛሬም ከሠርግ ድንኳንና ከመጠጥ ቤት ጥግ አላወጣውም። ለኳስ በ2009 ወልዲያ ላይ 25 ሺህ ሰው የሚይዝ ስታዲየም ተመርቋል፤ እሰየው። ለዜማው ግን አዲስ ሕንፃ እንኳ ባላስፈለገ ነበር፤ የባቡሩ ግንባታ ይዞት የመጣው ቤት በበቃ ነበር። አንጀቴን የሚያሳርረው ይሄ ነው።

ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ ሐራ ገበያ የሚደርሰው፣ 390 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው የባቡር መስመር ግንባታ በ2007 ተጀመረ። ጫፉ ጉባላፍቶ ውስጥ ያለችው ሐራ ናት፣ የእኛው ቆላ። እንደ ማንኛውም ትልቅ ግንባታ ካምፕ፣ ጋራዥና መጋዘን ይዞ መጣ። ከኮምቦልቻ እስከ ሐራ ያለው ሥራ ግን ከሰሜኑ ጦርነት በፊት በገንዘብ እጥረት ቀዝቅዞ ነበር። እኛም የባቡሩን ጩኸት ስንጠብቅ ቤቱን ሳናየው ቀረን።

የማሽን ጋራዥ እኮ ለመድረክ የተሰናዳ ቤት ነው! ጣሪያው ከፍ ያለ፣ መሐሉ ምሰሶ የሌለበት፣ ወለሉ ሲሚንቶ፣ በሩ መኪና የሚያስገባ። ቆርቆሮው ድምፅ ያስተጋባል፤ ግድግዳውን በጭቃና በጭድ ቢመርጉት፣ በሰሌን ቢሸፍኑት ይለዝባል። የሠራተኛ መኝታው ከላስታና ከራያ ለሚመጣ አዝማሪ ማደሪያ፣ መመገቢያው ለመንዙማና ለክራር መማሪያ በሆነ ነበር። ማሪቱ ለገሠን የመሰለች ድምፅ የወጣችበት ወሎ፣ ተተኪዋን የሚያሰለጥንበት ጣሪያ በደጁ ነበር።

ይህ ደግሞ ህልም አይደለም። አዲስ አበባ ያለው ብሔራዊ ቲያትር ጣሊያን ለሲኒማ ጀምሮ ሳይጨርሰው የሄደው ሕንፃ ነበር። በ1948 ለንጉሠ ነገሥቱ የብር ኢዮቤልዩ ተጠናቆ ቲያትር ሆነ። ወራሪ የተወውን ጅምር ለጥበብ ያዋለ ሕዝብ፣ ለራሱ ብሎ የተከለውን እንዴት አያውለውም?

ነሐሴ 2013 ጦርነቱ ወልዲያ ገባ። የባቡሩ ፕሮጀክት ንብረትም ተዘረፈ፣ ወደመ። ታኅሣሥ 2014 ከተማዋ ነፃ ስትወጣ ሆስፒታሉና ትምህርት ቤቱ ተዘርፈው ባዷቸውን ነበሩ፤ ሕሙም መድኃኒት እየፈለገ ስለ ማሲንቆ አዳራሽ በምን አፍ ይወራል? መጠየቅ የነበረብን ያኔ ነበር፣ ሥራው ቀዝቅዞ ጣሪያው ሳይነካ በቆመባቸው የሰላም ዓመታት፣ አንድ ማመልከቻ በሚበቃበት ጊዜ።