የሐሰት ዘማችና የሽማግሌ አባት ቤት

ሐሰት ሁሉ ክፉ ነው፤ ሌላው በደሙ የገዛውን ስም የራሱ አድርጎ የሚናገር ሰው ሐሰት ግን እጥፍ ይከፋል። ፊተኛው በደል በሞቱት ላይ ነው፤ ተነሥተው መመስከር አይችሉምና። ኋለኛው በደል በሕይወት ባሉት ላይ ነው፤ ለዘማች ክብር ሲሉ ደጃቸውን ይከፍታሉና።

በ1943 ዓ.ም. ከቃኘው ጦር ጋራ ወደ ኮርያ የዘመቱ አንድ ሽማግሌ በአዲስ አበባ ይኖሩ ነበር። በ1998 ዓ.ም. ሚስታቸው ሞተው፥ ጕልበታቸው ደክሞ፥ ጧት የተነገራቸውን ማታ የማያስታውሱ ሆነው ነበር፤ የኮርያን ተራራ ግን አልረሱም። ልጆቻቸው ወሬው ስለ ሰለቻቸው «አባባ፥ ይህን ከዚህ ቀደም አጫውተውናል» እያሉ ይነሡ ነበር።

በዚያን ጊዜ አንድ ሰው መጣ። «እኔም ዘማች ነኝ፤ በአንድ ምሽግ ነበርን» አለ። ሽማግሌው ስም ሲጠሩ «አዎን፥ እሱ ነው» ይላል፤ ሲያለቅሱም አብሮ ያለቅሳል። ወር ሳይቆይ የቤቱን ካርታ ጠየቀ፤ ቀጥሎም ቤቱን ለመሸጥ የሚያስችል የውክልና ወረቀት አስረቅቆ አቀረበ። ሰሙ ጓደኝነት፥ ወርቁ ቤት ነበረ።

ታላቂቱ ልጅ ቡና ስታፈላ ሰውዬው «ኮርያ ተማርኬ ስምንት ወር ታስሬአለሁ» ሲል ሰማች። ወደ ኮርያ ከተላኩት ከ6,000 በላይ ወታደሮች ከ120 በላይ ሞተዋል፥ 536 ቆስለዋል፤ በጠላት እጅ የተማረከ ግን አንድም የለም። ይህን አባቷ ከልጅነቷ ጀምረው ሲነግሯት ኖረዋል። የሰለቻት ወሬ ቤቱን ጠበቀው።

በአባቷ ፊት አልጮኸችም፤ እንዳያፍሩ ፈራች። ሰውየውን እስከ በር ሸኝታ «ከቃኘው ጦር ማን ተማረከ?» ብላ ጠየቀችው፤ መልስ አጥቶ ሄደ፥ ተመልሶም አልመጣም።

ወንድሞቿ ግን «ሌላ ሳይመጣ ቤቱን በስማችን እናዙረው» አሉ። እርስዋም «ከሌባ እናድናለን ብለን እኛው ወሳጆች እንዳንሆን» ብላ ከለከለች። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቤት ለመሸጥ ልዩ ውክልና ይጠይቃል፤ የቤት ስጦታም በግልጽ በሚደረግ ኑዛዜ ሥርዓት ካልተደረገ አይጸናም፤ የሰውየው ጤናና ጥቅም ሲያስገድድም ፍርድ ቤት በክልከላ ሊጠብቀው ይችላል። ስለዚህ ካርታው በአባታቸው ስም ጸና፤ የጡረታው ገቢና ወጪ በደብተር እየተጻፈ በየወሩ ለልጆቹ ሁሉ ተነበበ።

ሽማግሌው ግን ብዙ ቀን «ጓደኛዬ ወዴት ቀረ?» እያሉ ደጁን ያዩ ነበር። ልጃቸው ስለዚህ ነገር የምትመልሰው አልነበራትም፤ አጠገባቸው ተቀምጣ ስለ ተራራው ጠየቀቻቸው።

እንግዲህ የታመመ ወላጅ ያለው ሰው ሰነዱን በሕግ ይጠብቅ፤ ስለ ዘመቻ የሚያወራውን እንግዳም ዓመቱንና ጦሩን ይጠይቅ፥ እውነተኛ ዘማች በጥያቄ አይቀየምምና። ከሁሉ በፊት ግን የወላጁን ወሬ እሱ ራሱ ይስማ። አታላይ ወደ ቤት የሚገባው ልጅ ትቶት በሄደው ወንበር ላይ ለመቀመጥ ነው።