ወደ ዳጋ እስጢፋኖስ የሄዱ ባልና ሚስት

ሰው ከጎረቤቱ ጋራ ብዙ ዓመት ተቀምጦ ያላወቀውን ጠባይ ሦስት ቀን አብሮት በመንገድ ቢውል ያውቀዋል። ባልና ሚስት ግን በአንድ ጣሪያ ሥር ዘመናቸውን ስለ ጨረሱ፥ ከእንግዲህ አንዱ ስለ ሌላው የሚያውቀው ነገር የቀረ አይመስላቸውም። ይህ አሳብ ስሕተት መሆኑን በ2011 ዓ.ም. በወርኃ ጥቅምት ከደብረ ማርቆስ ተነሥተው ወደ ጣና ደሴቶች የተጓዙ ሁለት ሰዎች ነገር ያስረዳል።

ባልየው በልጅነቱ ደበሎ ለብሶ፥ አኮፋዳ ይዞ፥ በደብረ ኤልያስ ቅኔ የተማረ፥ ኋላም ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት ገብቶ ሠላሳ አምስት ዓመት ሕፃናትን ሲያስተምር ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ሚስቱን በሰማንያ አግብቶ ልጆች አፍርተዋል፤ ልጆቹም አድገው በየፊናቸው ሄደዋል። ከጉዞው ሁለት ዓመት አስቀድሞ ሰውየው ጽኑ ሕመም ታሞ አዲስ አበባ ሐኪም ቤት ተኝቶ ነበር። ሐኪሞቹ ተስፋ በቈረጡበት ሌሊት ሚስቱ፥ «ቅዱስ እስጢፋኖስ ሆይ፥ ይህን ሰው በእግሩ ሄዶ ወደ ቤቱ እንዲገባ ብታደርግልኝ ለዳጋ ገዳምህ ባለ ወርቀ ዘቦ የከፋይ ጥላ አገባለሁ» ብላ ተሳለች። ዳጋን የመረጠችበት ምክንያት አባቷ በሕይወት ሳለ ይሳለመው የነበረ ገዳም ስለ ሆነ ነው። ሰውየውም ዳነ፤ በእግሩም ሄዶ ወደ ቤቱ ገባ።

ነገር ግን በዳጋ ደሴት ሴት አትገባም። በክብራን ገብርኤልም እንዲሁ ነው። ይህ የመነኰሳቱ የቆየ ሥርዓት ስለ ሆነ በጐጃም የማያውቀው የለም። ስለዚህ ባልየው ጥላው ተሰፍቶ ካለቀ በኋላ፥ «እኔ የምገባበት፥ አንቺ ግን የምትቀሪበት ስለት ምን ደስታ ይሰጣል? በዘጌ ያለው ዑራ ኪዳነ ምሕረት ለወንድም ለሴትም የተፈቀደ ነው፤ ሥዕሉም ያማረ ነው። ካህናት ጠይቀን ስለቱን ወደዚያ እናዙረው» አላት። እርስዋም፥ «የለመንሁት እስጢፋኖስን ነው። የሰማኝም እርሱ ነው። አንቱ የተበደሩትን ገንዘብ ላላበደረዎት ሰው ይከፍላሉን?» ብላ መለሰችለት። ባልየው ቅኔ የተማረ ሰው ቢሆንም ለዚህ ቃል መልስ አጣለት።

ጥቅምት 14 ቀን በማለዳ አሮጌ መኪናቸውን አስነሥተው ወጡ። ያቺ ከተማ ቀድሞ መንቆረር ትባል የነበረች፥ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በወንጌላዊው በማርቆስ ስም ከተሠራው ቤተ ክርስቲያን የተነሣ ደብረ ማርቆስ ያሏት ናት። ከዚያ እስከ ባሕር ዳር በቡሬ በኩል ያለው መንገድ ከ260 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ወራቱ ዝናም ያቆመበት፥ የኑጉ አበባ ምድሩን ቢጫ ያለበሰበት፥ ጤፉም ገና በነፋስ እንደ ባሕር የሚናወጥበት ነበር። የተምጫን ወንዝ ተሻግረው ደምበጫን፥ ፍኖተ ሰላምን አልፈው ቡሬ አደሩ። በ1933 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከሱዳን ተነሥተው ወደ ዙፋናቸው ሲመለሱ ያለፉት በዚሁ አገር ነውና ባልየው እንደ ልማዱ ይህንኑ በየድልድዩ ያስተምር ነበር። ሚስቱ ግን ጥላው አቧራ እንዳይነካው በጉልበቷ ላይ አጋድማ፥ ነጠላዋን አልብሳው ተቀምጣ ነበር።

በማግሥቱ እህል ሳይቀምሱ በጥሊሊ በኩል ታጥፈው ወደ ሰከላ፥ ወደ ግሽ ዓባይ ወጡ። ወደ ጸበሉ የሚቀርብ ሰው ጾሙን መቅረብ ይገባዋልና። እንደሚተረከው አቡነ ዘርዐ ብሩክ ወደ እስራት ሲወሰዱ መጻሕፍታቸውን ለዚህ ምንጭ አደራ ሰጡት፤ ከብዙ ዘመንም በኋላ ተመልሰው «ግሥዕ» ቢሉት ውኃው መጻሕፍቱን ሳያርሳቸው መለሰላቸው፤ ስሙም ከዚህ ወጣ ይባላል። አደራ የተቀበለ ውኃ አደራውን ሳያጐድል መመለሱን ሲሰሙ ሁለቱም ዝም አሉ።

ጸበሉን ጠጥተው በሣሩ ላይ ባረፉ ጊዜ ባልየው የአንድ የስኮትላንድ ሰው ነገር አጫወታት። ጄምስ ብሩስ የሚባለው ይህ ሰው በዳግማዊ ዐፄ ተክለ ሃይማኖት ዘመን፥ በ1763 ዓ.ም.፥ ብዙ ባሕርና በረሃ አቋርጦ ከዚህ ምንጭ ደረሰ። ከአውሮፓ ሰዎች የመጀመሪያው እኔ ነኝ ብሎ እጅግ ደስ አለው፤ ዳሩ ግን የእስፓኝ ተወላጅ የሆነው ጴጥሮስ ፓኤዝ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን፥ በ1610 ዓ.ም.፥ አይቶት ነበር። የአገሩ ሰዎች ግን ከሁለቱም በፊት ሲጠጡት ኖረዋል። ብሩስ በዚያ ቆሞ ከምንጩ ውኃ ቀድቶ ስለ ንጉሡ ጤንነት ጠጣ፤ በአገሩ ስላለችው ስለሚወዳት ሴትም ጠጣ። ወደ አውሮፓ ሲመለስ ግን ሴቲቱ የሞተ መስሏት ሌላ ሰው አግብታ አገኛት።

ሚስቱም ይህን ሰምታ ጥቂት አሰበችና፥ «ምንኛ ያሳዝናል! ግን የዓባይን ምንጭ ፍለጋ ይህን ሁሉ ዓመት ሲዞር፥ ከቤቱ ያለችውን ምንጭ ማን ይጠብቅለት?» አለች። ባልየው ሣቀ። ነገሩ ስለ ራሱ የተነገረ አልመሰለውም።

ከዚያም በፈረሶቹና በቀርከሃ ሥራው በታወቀው በአዊ አገር፥ በእንጅባራና በዳንግላ አድርገው ማታ ባሕር ዳር ገቡ። ጥቅምት 16 ቀን፥ የበዓሉ ዋዜማ፥ ገና ሳይነጋ ከሌሎች ተሳላሚዎች ጋራ በሞተር ጀልባ ተሳፈሩ። የጣና ደሴቶች ሠላሳ ሰባት ናቸው ይባላል። ዓሣ አጥማጆቹ በደንገል ታንኳ ላይ ቆመው ሲቀዝፉ፥ ውኃው ላይ የሚሄዱ ይመስሉ ነበር። ከረዥም ሰዓት በኋላ የደቅ ደሴት ታየ፤ ከጎኑም በደን የተሸፈነው የዳጋ ኰረብታ ብቻውን ከውኃው ወጥቶ ቆሞአል። ጀልባይቱ ከዳር ስትደርስ ወንዶቹ ወረዱ፤ ሴቶቹ ከጀልባዋ ቀሩ። ሚስትየዋ ነጠላዋን ከጥላው ላይ ገፍፋ፥ ጥላውን ሦስት ጊዜ ሳመችና ለባሏ ሰጠችው።

ባልየው ሕመም ያደከመውን ጉልበቱን እየያዘ ዳገቱን ወጣ። ቤተ ክርስቲያኑን ተሳለመ፤ በዕቃ ቤቱም የዐፄ ይኵኖ አምላክን፥ የዐፄ ዳዊትን፥ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብንና የዐፄ ፋሲልን አፅም አሳዩት። ከዚያም ጥላውን ሊያስረክብ ወደ አንድ ሽማግሌ መነኵሴ ቀረበ። መነኵሴው ጥላውን ባርከው፥ «ስለቱ የማን ነው?» አሉት።

«የባለቤቴ ነው፥ አባታችን። እኔ በታመምሁ ጊዜ የተሳለችው ነው።»

«እግዚአብሔር ይቀበልላት። ነገ በቅዳሴው ስሟ እንዲነሣ ስመ ክርስትናዋን ንገረኝ።»

ባልየው አፉን ከፈተ፤ ነገር ግን ቃል አልወጣም። የአገር ስሟን ያውቃል። ለልጆቹ ክርስትና ቆሞ የልጆቹን ስም ሰምቷል። የእርስዋን ግን አንድ ጊዜ፥ በሙሽርነታቸው ወራት፥ ነግራው እንደ ነበረ ትዝ አለው እንጂ ስሙ ራሱ አልመጣለትም። የነገሥታቱን ስም ከነዘመናቸው በቃሉ የሚያውቅ፥ ሠላሳ አምስት ዓመት የሰው ልጆችን ስም በየማለዳው ሲጠራ የኖረ ሰው፥ ሞትን በጸሎቷ ያራቀችለትን ሴት ስም አያውቅም።

«አባታችን፥ ወርጄ ጠይቄ ልምጣ» አላቸው። መነኵሴው አልሣቁም፥ አልገሠጹትምም። «እቈይሃለሁ፥ ልጄ» ብቻ አሉት።

ባልየው ዳገቱን ወረደ። ሚስቱ ባየችው ጊዜ ደንግጣ፥ «ምነው? አመመዎት?» አለችው።

«አልታመምሁም። ስመ ክርስትናሽን ጠየቁኝ።»

ይህን ብሎ ወደ ምድር ተመለከተ። እርስዋም ጥቂት ጊዜ ዝም ብላ አየችው፤ «አንቱ ሐኪም ቤት በተኙ ጊዜ ስመ ክርስትናዎን ለአምስት ደብር ሰጥቼ አስጸልያለሁ» አለችው። ከዚህ በቀር የነቀፋ ቃል አልጨመረችም። ስሟንም ነገረችውና፥ «እንዳይረሱት በወረቀት ይጻፉት» አለችው።

«አልጽፈውም» አለ። ልጅ ሳለ የየኔታን ቅኔ ከጉባኤው እስከ ጎጆው ድረስ በቃሉ እየደጋገመ ይሄድ እንደ ነበረ፥ ያን ዳገት በሁለተኛው ጊዜ ስሟን በእያንዳንዱ እርምጃ እየጠራ ወጣው። መነኵሴውም በተናገሩት ቃል ጸንተው በዚያው ስፍራ ቈይተውት ነበር።

በመመለሻው ጀልባ ላይ የነገሥታቱን ነገር ሊነግራት ጀመረ፤ እርስዋ ግን፥ «ጥላውን ዘረጉት?» ብላ ጠየቀችው። «ዘረጉት፤ እጅግ ያምራል» አላት። «እኔም ከታች ሆኜ የድንጋዩን ደወል ሰማሁ» አለችና ፊቷን ወደ ደሴቱ መልሳ እስኪሰወር ድረስ አየችው። የልቧም ደስታ በፊቷ ላይ ይታይ ነበር። ባልየው «ወደ ውስጥ የገባሁት እኔ፥ ከበረከቱ የደረሰችው እርስዋ ናት» ብሎ በልቡ አሰበ።

ወደ አገራቸው ሲመለሱ በሞጣ በኩል አደረጉ። የጮቄ ተራራ በስተቀኛቸው ደመና ለብሶ ይታይ ነበር። ደብረ ወርቅ ማርያም በደረሱ ጊዜ ሁለቱም አብረው ገብተው ተሳለሙ። ባልየውም ካህኑ ሳይጠይቁት ቀድሞ የሚስቱን ስመ ክርስትና ነገራቸውና፥ በጸሎት እንዲያስቧት ለመነ። የራሱን ስም መናገር ረስቶ ነበር፤ እርስዋ ከኋላው ሆና ጨመረችለት።

ባለ ትዳር የሆነ ሁሉ ይህን ይመልከት። ብዙዎች የሩቅ አገር ታሪክ፥ የነገሥታትን ዘመንና የወንዞችን ምንጭ መርምረው ያውቃሉ፤ ማወቃቸውም መልካም ነው። ዳሩ ግን በማጀታቸው ሆና ሌሊቱን ስለ እነርሱ የምትጸልየውን ሴት በምን ስም እግዚአብሔር እንደሚያውቃት ጠይቀው የማያውቁ ጥቂቶች አይደሉም። ይህን ለመጠየቅ ዳጋ ድረስ መሄድ አያስፈልግም፤ ማታ በምድጃ ዳር ይበቃል።