ቁረይሻና የሴቶች አንደበት

ቁረይሻ በምሥራቅ ሱዳን፣ በገዳሪፍ ክፍለ ሀገር፣ ወደ ኢትዮጵያ ወሰን በሚዘረጋው ሜዳ ላይ የምትገኝ የእርሻ ከተማ ናት። አፈሩ ጥቁር ዋልካ ነው፤ በክረምት ጭቃው የመኪና ጐማ ይዞ አይለቅም፤ በበጋ ደግሞ ተሰነጣጥቆ እግር ያስገባል። ማሽላና ሰሊጥ ይበቅልበታል፤ ለአረምና ለአጨዳም ብዙ የቀን ሠራተኞች ከጐንደርና ከትግራይ በኩል ወሰን ተሻግረው ይመጣሉ። እኛ የጐበኘናት በጥቅምት ወር 2011 ዓ.ም.፣ ሰሊጡ ታስሮ ለመድረቅ በቆመበት ጊዜ ነበር።

በገበያው ዳር ሻይና ቡና የሚያፈሉት ሴቶች ናቸው፤ ከእነርሱም መካከል የአገራችን ተወላጆች ጥቂት አይደሉም። የአንዲቱ ንብረት በጠቅላላው የከሰል ምድጃ፣ ጀበና፣ ጥቂት ብርጭቆና በርጩማ ነበር። አንድ የሠራተኞች ካቦ ብርጭቆውን አስቀምጦ «ሻይሽ ቀዝቅዟል» አላት። እርሷም ዓይኗን ከምድጃው ሳታነሣ «ጋሼ፣ የእርስዎ ዱቤ ከአረም ወራት ጀምሮ ሲቀዘቅዝ እኔ ምን አልሁ?» አለችው። በዙሪያው የተቀመጠው ሁሉ ሳቀ፤ ካቦውም አብሮ እየሳቀ ገንዘቡን አወጣ።

ነገሩ ተራ ጨዋታ ይመስላል። ነገር ግን ሴቲቱ ዱቤውን የሚያስረዳ ወረቀት በእጇ የለም። ዝም ብትል ገንዘቧ ይቀራል፤ ብትሰድበው ደንበኛዋ ይሄዳል። በሁለቱ መካከል ያለችውን ቀጭን መንገድ ያገኘችው በቀልድ ነው። (አማርኛ በመማር ላይ ላሉ ባልደረቦቻችን አንድ ነገር እናመልክት። ይህ ስጦታ በወንድ ሲገኝ «አንደበተ ርቱዕ» ይባላል፤ በሴት ሲገኝ ግን ብዙ ጊዜ «ምላሰኛ» ይሏታል። ሁለተኛውን ቃል በመሥሪያ ቤት ባይናገሩት ይሻላል።)

በሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማርናቸው የእንግሊዝ መጻሕፍት ትዝ ያሉን በዚያች ሰዓት ነው። ጄን ኦስቲን እ.ኤ.አ. በ1813 ስሟን ሳትገልጽ ባሳተመችው «ፕራይድ ኤንድ ፕሬጁዲስ» ውስጥ ያለችው ኤልሳቤጥ ቤኔት በንግግሯ ታስቃለች፤ እኛም ስንማር የሳቁን ያህል ምክንያቱን አልመረመርንም። አባቷ ሲሞት ቤቱና ርስቱ ለእርሷና ለእኅቶቿ ሳይሆን ለወንድ ዘመድ ይተላለፋል። ያ ዘመድ ላግባሽ ብሎ ሲመጣ እምቢ የምትለው መጠጊያዋን በእጇ እየገፋች ነው። እ.ኤ.አ. በ1847 የታተመችው ጄን ኤርም ደመወዝተኛ የቤት አስተማሪ ሆና ሳለ ከጌታዋ ጋር በነፍስ እኩል መሆኗን ፊት ለፊት ትነግረዋለች። ሁለቱም ከአንደበታቸው በቀር ሌላ ሀብት አልነበራቸውም።

እነዚህ ግን በወረቀት ላይ የተፈጠሩ ናቸው። በገዳሪፍ ምድር በእግሯ የረገጠች፣ ከእነርሱ የማታንስ ሴት ነበረች፤ ስሟም ፍሎሬንስ ቤከር ይባላል። በዛሬዋ ሩማንያ የተወለደች ስትሆን፣ እንግሊዛዊው ተጓዥ ሳሙኤል ቤከር እ.ኤ.አ. በ1859 በዳኑብ ወንዝ ዳር በቪዲን የባሪያ ገበያ እንዳገኛት ታሪኳን የጻፉ ይናገራሉ። እ.ኤ.አ. በ1861 ሁለቱ ክረምቱን በአትባራ ወንዝ ዳር በሶፊ አሳለፉ፤ ከዚያም ሱዳኖች ሰቲት የሚሉትን የተከዜን ወንዝ ተከትለው ከቆዩ በኋላ፣ በ1862 በጋላባት በኩል ወደ ካርቱም አለፉ።

በሚቀጥለው ዓመት በደቡብ፣ በጐንዶኮሮ፣ የቤከር ወታደሮች አመፁበት። ጠመንጃ በተነሣበት በዚያ ሰዓት፣ በንዳድ ታማ የነበረችው ፍሎሬንስ ተነሥታ ከመካከላቸው ገባች፤ የአመፁ መሪ የባሏን እጅ ስሞ ይቅርታ ቢጠይቅ ምሕረት እንዲደረግለት ለመነች። ወታደሮቹም በዚህ ነገር ተበረዱ። ሰውዬው ክብሩን ሳያጣ የሚወጣበትን በር ያሳየችው እርሷ ናት።

በ1865 ለንደን ውስጥ ተጋቡ፤ በማግሥቱ ዓመት ቤከር የፈረሰኛነት ማዕርግ ሲቀበል እርሷም እመቤት ቤከር ተባለች። ንግሥት ቪክቶሪያ ግን ከጋብቻው በፊት አብረው ኖረዋል በማለት በቤተ መንግሥቷ ልትቀበላት አልፈቀደችም። በባሏ መጻሕፍት ውስጥ ፍሎሬንስ ብዙ ትሠራለች፤ የምትናገረው ግን ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1870 ጀምሮ ቤከር የባሪያ ንግድን ለማጥፋት ወደ ላይኛው ዓባይ ሲዘምት አብራው ሄዳ፣ የዕለት ማስታወሻ በገዛ እጇ ጽፋለች። ይህም ማስታወሻ የታተመው ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1972 ነው።