ላረጀች ድመት ቤት ፍለጋ

ለንስሐ አባቴ ሁሉን ነግሬያለሁ ማለት አልችልም። ስለ ጾም ጠይቀውኝ መልሻለሁ፤ ስለ ቂም ጠይቀውኝ መልሻለሁ፤ በእጄ ስላለፈ የሰው ገንዘብም ሳይጠይቁኝ ተናግሬያለሁ። የአንዲት ድመት ነገር ግን ቀርቷል። ለኑዛዜ የማይበቃ ትንሽ ነገር ነው እያልኩ ራሴን ሳሳምን ከረምኩ። ትንሽ ቢሆን ኖሮ እስካሁን በረሳሁት ነበር።

ድመቷ የአክስቴ ናት። እቴቴ እላታለሁ፤ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ቤቷ መንዝ ውስጥ፣ ከመሐል ሜዳ ወጣ ብሎ ወደ ጓሳ በሚወስደው በኩል ነው። በ2015 ዓ.ም. መግቢያ፣ ደጃፉ ገና ከክረምቱ ጭቃ ሳይደርቅ አዳልጧት ወደቀችና ዳሌዋ ተሰበረ። ሕክምናው ደብረ ብርሃን ተጀምሮ አዲስ አበባ አለቀ። ከዚያ በኋላ ብቻዋን፣ በዚያ ውርጭ፣ ውኃ ቀድታ እንጨት ለቅማ መኖር እንደማይሆንላት ሁላችንም ገባን፤ ሌላዋ የእህቷ ልጅ ወደ ኮንዶሚኒየሟ ወሰደቻት። በዚያ ቤት አስም ያለበት ልጅ ስላለ ድመት አይታሰብም። በጎቿ ቀድሞም በርቢ ሰው እጅ ስለነበሩ እዚያው ቆዩ። ገብሱ ተሸጠ። ቤቱ ተዘጋ። የቀረችው ውሮ ነች።

ውሮ የተወለደችው በሚሊኒየሙ ዓመት ነው፤ እቴቴ ዕድሜዋን የምትቆጥረው ከዚያ ነው። በ2015 እንግዲህ 15 ዓመት ሊሆናት ነው፤ ይህ ለድመት እርጅና ነው። ክራንቻዎቿ ወልቀው አንዱ ብቻ ቀርቷል። ገላዋን መላስ ስለከበዳት የወገቧ ጠጉር ተቋጥሯል። ያረጀ ድመት ጥፍር እንደ ልጅነቱ እየተላጠ አይታደስም፤ ይረዝምና ተጣሞ ወደ መዳፍ ሥጋ ይገባል። እቴቴ የበግ ጠጉር በምትሸልትበት መቀስ ጫፉን ትቆርጥላት ነበር። ውኃ አብዝታ ትጠጣለች። የኩላሊት ድካም በአሮጌ ድመቶች ላይ በብዛት ከሚታዩት ሕመሞች አንዱ ነው፤ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያስታውቀውም በጥማት ነው። ብዙ የጠጣ ብዙ ይሸናል፤ ሌሊት በር ሲዘጋባት ጥግ ላይ ትሸናለች። ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ቤት ስፈልግላት ለሰው ልናገረው ይገባኝ የነበረው ይኸው ስለሆነ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን የጾሙ ነገር ነው። ውሻ ከሰው ጋር ሽሮ ተካፍሎ መኖር ይችላል፤ ድመት አትችልም። ታውሪን የሚባለውን ንጥረ ነገር ከሥጋ ካላገኘች ዓይኗ እየደከመ ይጠፋል፤ በ1987 እ.ኤ.አ. ደግሞ በዚሁ እጦት ልቧም እንደሚታመም ተመራማሪዎች ደረሱበት። የመንዝ ቤት በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሥጋም፣ ወተትም፣ እንቁላልም አያይም። ረቡዕና ዓርብ አለ፤ ነቢያት አለ፤ ፍልሰታ አለ። ወጣት ድመት ያን ወራት አይጥ እየያዘች ታልፈዋለች። አንድ ክራንቻ ብቻ የቀራት ምን ትሁን? እቴቴ ለውሮ ብቻ የተለየች ትንሽ ድስት ነበረቻት፤ በጾም እንቁላል ትቀቅልባታለች። ድስቷ ከቤቱ ዕቃ ጋር አትታጠብም፤ የምታድረውም ከበረቱ አጠገብ ነው። አንዳንድ ጎረቤት "በሁዳዴ ቤቷን ታስገድፋለች" እያለ ያማት ነበር። እሷ ደግሞ "የምጾመው እኔ፤ እሷ ቃል አልገባች" ትላለች። ከማውቃቸው ጿሚዎች ሁሉ የእቴቴን ጾም የማከብረው በዚህች ድስት ምክንያት ነው።

ቤቱን ላስተካክል የሄድኩት ኅዳር ላይ፣ ውርጩ ገብሱን በሚያስፈራበት ሰሞን ነው። ማዶ ያሉት ጎረቤታችን ሲጨንቀኝ አይተው "አንተ ልጅ፣ ምን ያስጨንቅሃል? ጓሳ ወስደህ ልቀቃት። አይጥ እንደሆነ ሞልቷል" አሉኝ። በክፋት አልተናገሩትም። አባቴ ሊሆኑ የሚችሉ ሰው ናቸው፤ ችግሬን ሊያቃልሉልኝ ነው።

የምናዘዘው ያን ጊዜ በውስጤ የሆነውን ነው። ደስ አለኝ። ወዲያው ቃላት ማሳመር ጀመርኩ፤ ነፃ ትውጣ፣ ወደ ተፈጥሮዋ ትመለስ፣ በሰፊው አገር ትሙት። ጓሳን ደግሞ እኔ አላውቀውም አልልም። ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ያለው፣ ሌሊቱ ሣሩን በአመዳይ የሚሸፍን፣ 100 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ ምድር ነው። የመንዝ ሰው ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባለው የአካባቢው ሥርዓት ጠብቆ ያቆየው ነው፤ ለቤት ክዳኑና ለገመዱ የሚሆነውን የጓሳ ሣር እንኳ ቀን ሳይቆረጥለት አያጭድም ነበር። ደርግ መሬት ሲያውጅ ሥርዓቱ ፈረሰ፤ ሰዉ ግን መጠበቁን በሌላ መልክ መልሶ አቆመው። በዚያ ያለው አይጥ ባለቤት አለው። ቀይ ቀበሮ የሚኖረው በእሱ ነው። ቀይ ቀበሮ ደግሞ በዓለም ላይ በሙሉ 500 አይሞላም፤ ያለውም በኢትዮጵያ ብቻ ነው። በባሌ በ1990ዎቹ መጀመሪያና በ2003 እ.ኤ.አ. የእብድ ውሻ በሽታ ከሰው ውሾች ተላልፎ መንጋዎቹን ክፉኛ ጎድቷል። በሽታው ድመትንም ይይዛል። ውሮ ያን ጊዜ ክትባት የሚባል አግኝታ አታውቅም ነበር።

ይህን ሁሉ እያወቅሁ ደስ አለኝ። ከዚህም በታች ሌላ ነገር አለ፤ እሱን መጻፍ ይከብደኛል። አንድ ሌሊት እንደሚበቃት አውቅ ነበር። ደስ ያለኝም ስለ አይጡ አልነበረም፤ ሳላይ እንደምትሞትልኝ ስላወቅሁ ነው። ማንም "ገደልካት" አይለኝም፤ ለእቴቴም "ሄደች" እላታለሁ። አለማድረጌንም ለደግነት አልቆጥረውም፤ ያስቀረኝ የጓሳ ጥበቃዎች ያዩኛል የሚል እፍረት ነው። ሰው ሲያየው የሚያፍርበትን ነገር ሰው ሳያየው የሚመኝ ልብ እንዳለኝ ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

"አንተስ ለምን አትወስዳትም?" ያለኝ ሰው አለ። አከራዬ አይፈቅድም አልኩ። ይህን ለብዙ ሰው ብያለሁ፤ ለእቴቴም ብያለሁ። አከራዬን ግን ጠይቄው አላውቅም።

ከዚያ ፍለጋ ገባሁ። ላረጀ እንስሳ መጠለያ የሚባል በዚያ አገር የለም፤ የወረዳው የእንስሳት ሐኪም በጉንና ከብቱን የሚያክም ነው፤ ምክር እንጂ ማደሪያ ሊሰጠኝ አይችልም። ስለዚህ በየቤቱ መጠየቅ ሆነ። የሁሉም ጥያቄ አንድ ነው፤ "አይጥ ትይዛለች?" አልፈርድባቸውም። በጎተራ ያለው ገብስ የዓመት ጉሮሮ ነው። ድመትና ሰው መጀመሪያ የተገናኙትም በዚሁ ነው ይባላል፤ የመካከለኛው ምሥራቅ ሰው እህል ማከማቸት ሲጀምር አይጥ መጣ፣ አይጡን ተከትላ የዱር ድመት መጣች። ግን በቆጵሮስ ደሴት 9,500 ዓመት ከሆነው መቃብር ውስጥ፣ ከአንድ ሰው አጽም አጠገብ፣ የስምንት ወር ገደማ የሆነች ድመት አጽም ተገኝቷል፤ ግኝቱ የታተመው በ2004 እ.ኤ.አ. ነው። ያቺ ድመት ጎተራ ልትጠብቅለት አይደለም አብራው የተቀበረችው። በየደጁ ስቆም ይህን አስብ ነበር፤ አፌ ግን "አዎ፣ ትይዛለች" ሊል ምንም አልቀረው። ዕድሜዋን ሲጠይቁኝ "ብዙም አይደለችም" ብዬ ያለፍኩበት ቤት አለ። በግ ገዥ አፍ ከፍቶ ጥርስ ያያል፤ ድመት አፍ የሚከፍት ስለሌለ እተማመን ነበር። ያ ቤት እሺ ሊል ሲል እኔው ሰበብ ፈልጌ ወጣሁ።

በመጨረሻ የተቀበለቻት መሐል ሜዳ ከተማ ውስጥ ጠላ የምትጠምቅ ሴት ናት። ምድጃዋ ከሌሊት ጀምሮ ይነዳል፤ ለአሮጌ መገጣጠሚያ ሙቀት ትልቅ ነገር ነው። ብቅሉና ጌሾው ባለበት ደግሞ አይጥ አይጠፋም። "ጋሼ፣ ትይዛለች?" አለችኝ እንደ ሌላው ሁሉ። "አትይዝም" አልኳት። ከዚያም ሁሉንም ነገርኳት፤ ጥርሷን፣ ጥፍሯን፣ ውኃ ማብዛቷን፣ ጥግ ላይ መሽናቷን፣ 15 ዓመቷን። ስናገር ድምፄ እንደ ተከሳሽ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሴትዮዋ ጥቂት አሰበችና "ሽታዋም ቢሆን አይጥ ያባርራል። በጾም ምን ትበላለች?" አለች።

ይህን የጠየቀኝ ሌላ ሰው አልነበረም። ትንሽ ልጅ አለቻት፤ ለጾም ያልደረሰ። ስለዚህ በሁዳዴም በዚያ ቤት እንቁላል ይቀቀላል፤ ድስትም ተለይቷል። እኔ ሙቀት፣ ፀጥታ፣ ደግ ሰው እያልኩ ስፈልግ፣ ለውሮ ይበልጥ የሚያስፈልጋት ለካ ሕፃን ያለበት ቤት ኖሯል። ልጁ ጅራት እንዳይጎትት አሳሰብኳት፤ ሳቀችብኝ፤ "ያስተምረዋል፣ አንዴ ትቧጭረው" አለች።

ውሮን ከነተኛችበት አሮጌ ባና ቁራጭ ወሰድኳት። ድመት ቦታን አጥብቃ ትለምዳለችና፣ ያለ ራሷ ሽታ ብትቀር ወደ ተዘጋው ቤት ልትመለስ ትችል ነበር። ሴትዮዋ ለተወሰኑ ሳምንታት ከጓዳ ሳታስወጣ አቆየቻት። በሌላ ጉዞ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ከአዲስ አበባ በበረዶ ዕቃ ይዤ ሄጄ፣ ሐኪሙ ወጋልኝ። ለእንቁላልና ለቋንጣ የሚሆን ብር በየወሩ በቴሌብር እንድልክ ተስማማን። ሴትዮዋ ብሩን አልጠየቀችም፤ እኔ ነኝ የለመንኳት። ባልከፍል ኖሮ እንደ ጣልኳት እንደሚሰማኝ አውቅ ነበርና፣ ክፍያው ከፊሉ ለድመቷ ከፊሉ ለእኔ ነው።

ለእቴቴ ግን ይህን ሁሉ አልነገርኳትም። በየእሁዱ "ውሮ በላች?" ትለኛለች፤ "በላች" እላታለሁ። ውሮ ከቤቷ አለመውጣቷን እንድታምን ተውኳት። ሐምሌ 2015 ማለቂያ ላይ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ መንገዱ በየጊዜው የሚዘጋ ሆነ። መሄድ እንደማልችል ሳውቅ ነው ውሸቱ የከበደኝ። አንድ ቀን አልጋዋ አጠገብ ተቀምጬ ነገርኳት፤ ስለ ጠላ ቤቱ፣ ስለ ልጁ፣ ስለ ጓዳው። ስለ ጓሳውም ጭምር።

አልተቆጣችኝም። "የሴትዮዋን ስልክ ቁጥር ስጠኝ" አለች።

ከዚያ ጀምሮ ሁለቱ ይደዋወላሉ። እቴቴ ጥፍሩ እንዴት እንደሚቆረጥ፣ ባናው በፀሐይ መሞቅ እንዳለበት በስልክ ታስተምራለች፤ ሴትዮዋ ደግሞ የጌሾ ዋጋ ታማክራለች። እኔ ስለ ውሮ የምሰማው ከእቴቴ ነው። መጀመሪያ ቅር አለኝ፤ ቅሬታዬን ስመረምረው ባለውለታ ሆኜ መሃል መቆም አምሮኝ ኖሯል።

ባለፈው እቴቴን ልጠይቃት ስሄድ፣ ሴትዮዋ ውሮ እንቁላሉን መተው እንደጀመረች ነግራታለች። ጊዜዋ ሲደርስ መንገዱ ክፍት ከሆነ እኔ እንደምሄድ ለሁለቱም ቃል ገብቻለሁ። እቴቴ ይህን ካስደገመችኝ በኋላ ቀና ብላ አየችኝና "አከራይህን ያን ጊዜ ጠይቀኸው ነበር?" አለችኝ።

"አልጠየቅኩትም" አልኳት።

"አውቄያለሁ" አለች፤ ቀጥላም የዚህን ወር የእንቁላል ብር ልኬ እንደሆነ ጠየቀችኝ።