ገጽ ሦስት ላይ

«ሰርቨሩ ወደቀ» ሲባል እኔ የሚታየኝ ከጨንቻ በጠዋት ሚኒባስ የወረደ ልጅ ነው። ሲቀላ ኢንተርኔት ቤት ገብቶ፣ በደቂቃ እየከፈለ፣ አምስት ገጽ ካለው የማመልከቻ ፎርም ሦስተኛው ላይ ደርሷል። መብራት ይሄዳል። እሱ ጋ አይደለም፤ ሰርቨሩ ያለበት ቢሮ። ሲመለስ ፎርሙ ባዶ ነው፤ የመጨረሻው መኪና ደግሞ አይጠብቀውም።

ስሙን የማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት ይሄ በየምዝገባው ይደርስበት ነበር። አንድ ማሽን፣ አንድ ሶኬት፣ በቃ። እኔና ሁለት ጓደኞቼ ሦስት ያገለገሉ ኮምፒውተሮች ተሰጥተውን ክላስተር ሥሩ ተባልን።

ዋይልድፍላይን መረጥን፤ ቀድሞ ጄቦስ ይባል የነበረው ነው። ሲያወሩት ቀላል ነው፦ ሦስቱም ላይ ያው አፕሊኬሽን ይጫናል፣ ከፊታቸው ሎድ ባላንሰር ቆሞ ተጠቃሚውን ያከፋፍላል። ይሄ ብቻውን ግን ልጁን አያድነውም። እስካሁን የሞላው ሁሉ ሴሽኑ ውስጥ ነው፤ ሴሽኑ ደግሞ ባስተናገደው ማሽን ሜሞሪ ላይ። ወደ ሌሎቹም መቀዳት አለበት። ለዚህ አፕሊኬሽኑ ራሱ «ዲስትሪቢዩተብል» ነኝ ብሎ ማዋቀሪያ ፋይሉ ላይ መናገር አለበት። አንዲት መስመር ናት፤ ሦስት ሰርቨር አቁሞ እሷን የሚረሳ ግን ስንት አለ።

ማሽኖቹን ማስተዋወቁ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ዋይልድፍላይ ሲነሳ በመልቲካስት ይጣራል፤ «ማን አለ?» ብሎ ለሰፈሩ ሁሉ እንደመጮህ። የቢሮው ስዊች ጩኸቱን አላሳልፍ አለ። ሦስቱም «ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ» ብለው ቁጭ! ወደ ቲሲፒ ቀይረን የእያንዳንዳቸውን አድራሻ በዝርዝር ስንሰጣቸው ሎጉ ላይ የአባላት ቁጥር ሦስት ሆነ። የአንዱን ገመድ ነቀልን። ገጽ ሦስት ላይ የነበረው የሙከራ ፎርም ምንም እንዳልተፈጠረ ገጽ አራትን ከፈተ።

ከዚያ ኃላፊው «አንዱን ማሽን ሴቻ ብናስቀምጠውስ?» አሉ። ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ግን በሴቻና በሲቀላ መካከል ያለው መስመር ቢበጠስ ሁለቱም ወገን ሌላውን ሞቷል ብሎ ይቀጥላል፤ የአንድ ልጅ ፎርም ሁለት ዓይነት ሆኖ ይገኛል። የተለመደው መፍትሔ ብዙኃኑ ይቀጥል፣ አናሳው ይቁም የሚል ነው። ማሽኖቹ ሦስት መሆናቸው የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ ሁለት ቢሆኑ ብዙኃን የሚባል የለም። የጋሞ ዱቡሻን የሚያውቅ ሰው ግን ይሄ ሳይከነክነው አይቀርም። ዱቡሻ ላይ እጅ ተቆጥሮ አይኬድም፤ እስኪግባቡ ይነጋገራሉ፣ ካልሆነም ይቀጣጠራሉ። ማሽን ቀጠሮ አያውቅም፤ በሰከንዶች ውስጥ መወሰን አለበት።

የከተማዋን ስም ይዞ «እንግዲህ አርባ ምንጭ አይደለን፣ አንዱ ቢደርቅ ሌላው አለ» የሚል ቀልደኛ አይጠፋም፤ እኛም ቢሮ ነበረ። ምንጮቹ እኮ ከአንድ ገደል ሥር ነው የሚፈልቁት። የኛም ሦስት ሰርቨሮች የሚጠጡት ከአንድ ዳታቤዝ ነው። እሱን በሌላ ማሽን ለማባዛት የጠየቅነው ዲስክ እስካሁን ግዥ ክፍል ነው።