ከስቶንሄንጅ ድንጋዮች ሥር ያረፉት ሴቶች

በደቡብ እንግሊዝ አገር፣ ከሶልዝበሪ ከተማ በስተ ሰሜን ባለው ሰፊ ሜዳ ላይ ክብ ሠርተው የቆሙትን የስቶንሄንጅ ድንጋዮች በፎቶግራፍ ያላየ አንባቢ ጥቂት ነው። ፎቶግራፉ ግን ድንጋዮቹን ብቻ ስለሚያሳይ፣ በዙሪያቸው ባሉት ከፍታዎች ላይ የተደረደሩትን የመቃብር ጉብታዎች ያስቀራቸዋል። ስለዚህ ወደ ሥፍራው የመሄድ ዕድል የሚያጋጥማት እህት ከእንግዳ መቀበያው እስከ ድንጋዮቹ ያለውን ከሁለት ኪሎ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ መንገድ በአውቶቡስ ሳይሆን በእግሯ ብትሄደው ይሻላል። ልጆች ያስከተለች ብትሆን ሹራብ አትርሳ፤ ሜዳው ነፋሻ ነው።

ጉብታዎቹ ሣር ለብሰው ከሩቅ ሲታዩ የእህል ክምር ይመስላሉ። አብዛኞቹ የተሠሩት ታላላቆቹ ድንጋዮች ከቆሙ ከብዙ ዘመን በኋላ፣ ዛሬ ከ4 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ነው። እ.ኤ.አ. በ1808 ከተቆፈሩት በአንደኛው ውስጥ ጩቤዎችና የወርቅ ጌጦች አብረውት የተቀበሩ ሰው ተገኝቷል። ስለ ሥፍራው የሚጻፉ መጻሕፍት ይህን ሰው ሳያነሡ አያልፉም።

ነገር ግን ከእርሱ በፊት የተቀበሩ አሉ። ከድንጋዮቹ ውጭ፣ በክቡ ዳርቻ 56 ጉድጓዶች ተቆፍረው ነበር። ዕድሜያቸው 5 ሺህ ዓመት ያህል ይሆናል። በ1920ዎቹ ዓመታት ከእነዚህ ከብዙዎቹ የተቃጠለ የሰው አጥንት ወጣ። አጥንቱን የሚረከብ ሙዚየም ስላልተገኘ በ1935 የሁሉም ተደባልቆ ባንድ ጉድጓድ ተመልሶ ተቀበረ። የወርቁ ጌጥ በሙዚየም ሲጠበቅ፣ የእነዚህ ሰዎች አጥንት ማንነቱ ሳይጠየቅ ከ70 ዓመት በላይ አፈር ውስጥ ቆየ። በ2008 እንደገና ወጥቶ ተመረመረ። በ2016 በተገለጸው ውጤት መሠረት፣ ጾታቸው ሊለይ ከቻለው ጎልማሶች መካከል 14ቱ ሴቶች፣ 9ኙ ወንዶች ነበሩ። የልጆች አጥንትም ተገኝቶበታል።

በዚያ ዘመን በዚህ ሥፍራ መቀበር ለማንም የሚሰጥ አልነበረም፤ በብዙ መቶ ዓመታት ውስጥ ያረፉት ጥቂቶች ናቸውና። እንግዲህ ሴቶቹ በክብር ከተመረጡት መካከል ነበሩ ማለት ነው። ስለ ስቶንሄንጅ ሲሳሉ በኖሩት ሥዕሎች ላይ ግን መሐል ቆመው የሚያዝዙት ጢማም ሽማግሌዎች ናቸው፤ ሴት ከታየችም አንድም ልጅ አዝላ፣ አንድም እሳት ዳር ተቀምጣ ነው።